ሉቃስ ያልጻፈው የእርቅ ትዕይንት

በአብያተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ የሚቀርቡ ድራማዎችን የምትከታተሉ ወጣቶች የመጨረሻውን ትዕይንት ገና መጋረጃው ሲከፈት ታውቁታላችሁ። ሁለት አገልጋዮች ይጋጫሉ። አንዱ ትሑት ነው፣ ሌላው ትዕቢተኛ። ትዕቢተኛው ይታመማል፣ ወይም መኪና ይገጨዋል፣ ወይም ከሥራው ይባረራል። ትሑቱ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሊጠይቀው ይመጣል። ይተቃቀፋሉ፣ ይላቀሳሉ፣ ኪቦርዱ ከበስተጀርባ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጉባኤው እልል ይላል። መጋቢውም ማይኩን ተቀብሎ የተኳረፈ ካለ ዛሬውኑ ይታረቅ ይልና ጸሎት ይሆናል።

በዚህ ዓይነት ድራማ ማሾፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ለዚያ አልተነሣሁም፤ ትዕይንቱ የሚያስለቅሰን እርቅ የምር ስለሚናፍቀን ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህን ድራማ ደጋግመን እያየን ያደግን ልጆች በኳየራችን፣ በወጣቶች ኅብረት አመራር ውስጥ፣ ለወንጌል ሥራ በሚወጣው ቡድናችን ውስጥ ጠብ ሲነሣ ምን እንጠብቃለን? ከሁለቱ አንዱ የጠላት መሣሪያ መሆን አለበት ብለን እንፈልጋለን። ነገሩ በአንድ የጸሎት ሌሊት እንዲያልቅ እንጠብቃለን። ያላለቀሰውን ደግሞ ልቡ ደንድኗል እንላለን። ድራማው ስለ ግጭት የተሠራ ይመስላል እንጂ ግጭት የለበትም፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ከሆነ እዚያ ያለው ኃጢአትና ንስሐ ነው። የእናንተ ኳየር ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ሁለት ጌታን የሚወዱ ሰዎች፣ ሁለቱም በቂ ምክንያት ይዘው፣ አንድ ላይ መሥራት ሲያቅታቸው ነው የምታዩት።

እንዲህ ስላለው ግጭት ከድራማዎቻችን ሁሉ እጅግ የተሻለ የተጻፈ ታሪክ በእጃችን አለ። ርዝመቱ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና የሐዋርያት ሥራ 15፥36-41ን አንብቡ፤ ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ። ትምህርቱን ለስብከት እንደምንፈልገው ሳይሆን አንድ ጥሩ ጸሐፊ ታሪክ ሲነግር እጁ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንብቡት።

ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በኋላ 49 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ቦታው አንጾኪያ። ጳውሎስ ቀድሞ ወንጌል የሰበኩባቸውን ከተሞች ተመልሰው እንዲጎበኙ ለበርናባስ ሐሳብ ያቀርባል። በርናባስ ይስማማል፤ ግን ማርቆስ የተባለውን ዮሐንስን ይዘን እንሂድ ይላል። ጳውሎስ እምቢ ይላል፤ ልጁ ባለፈው ጉዞ ጵንፍልያ ላይ ትቷቸው ተመልሷልና። ይከራረራሉ። ይለያያሉ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን መርጦ በሶርያና በኪልቅያ። አለቀ።

ማን ተሳሳተ? ሉቃስ አይነግራችሁም። ይህን ያደረገው ነገሩን በማድበስበስ አይደለም፤ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ጀምሮ ሁለቱን ሰዎች ሲያዘጋጅልን ቆይቷል። በርናባስ መጀመሪያ የታየው በምዕራፍ 4 ነው፤ ስሙ ዮሴፍ፣ ትውልዱ ከቆጵሮስ፣ እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖረ ሌዋዊ። በርናባስ የሚለውን ስም ያወጡለት ሐዋርያት ናቸው፤ ሰውን የማጽናናት ጠባዩን አይተው ይመስላል። በምዕራፍ 9 በኢየሩሳሌም ያሉት ሁሉ ሳውልን ፈርተው ሲሸሹት እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያስገባው እርሱ ነው። በምዕራፍ 11 እስከ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን ፈልጎ ወደ አንጾኪያ ያመጣውም እርሱ ነው። ይህ ሰው ማንም ያላመነውን ሰው ማመን ልማዱ ነው። ማርቆስን እንውሰድ ሲል የበርናባስነቱን ሥራ እየሠራ ነው።

ጳውሎስስ? ማርቆስ ጴርጌን ላይ ከተለያቸው በኋላ ያለውን መንገድ አስታውሱ። ልስጥራን ላይ በድንጋይ ወግረውት የሞተ መስሏቸው ከከተማ ውጭ ጎትተው ጥለውታል። ተነሥቶ ሥራውን ቀጠለ። እንዲህ ያለ ሰው ለሚቀጥለው ጉዞ የሚተማመንበት ጓደኛ ቢፈልግ ግትር ነው ልትሉት ትችላላችሁ? ለመንገዱ የሚጠነቀቅ መሪ ነው። ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ሉቃስ ቃል ሳይተነፍስበት አልፎታል። ሁለተኛ ዕድል የተነፈገው ማርቆስና ሁለተኛ ዕድል የነፈገው ጳውሎስ ሁለቱም የበርናባስ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የእኛ ድራማ ጸሐፊ ቢሆን ይህን ለበርናባስ አፍ ይሰጠው ነበር፤ "አንተንስ ማን ነበር የተቀበለህ?" የሚል ረጅም ንግግር፣ ከዚያ ጳውሎስ አንገቱን ይደፋል። ሉቃስ ይህን ቃለ ተውኔት አልጻፈም። አንባቢው ራሱ እንዲያስታውስ ተወለት።

ወደ ቃላቱ ቀረብ እንበል። በ13፥13 ማርቆስ ሲለይ የሚናገረው ተራኪው ሉቃስ ነው፤ የተጠቀመበት የግሪክ ግሥ ሰው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሲሄድ የሚባል ነው፤ ወቀሳ የለበትም። በ15፥38 ግን የምንሰማው የጳውሎስን አመለካከት ነው፤ ግሡም ተቀይሯል። እዚያ ያለው ክህደትን ለመግለጽ ከሚያገለግለው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ጥሎ መክዳትን የሚያሸት ቃል ነው። ያው ድርጊት፣ ያው ሰው፣ ያው ወደብ፤ አንዴ "ሄደ"፣ አንዴ "ከዳ"። ሉቃስ የቱ ትክክል እንደ ሆነ አይፈርድም፤ ለማርቆስ የራሱን ለስላሳ ቃል ጠብቆለት ለጳውሎስ የጳውሎስን ሕመም ሰጠው። በኳየራችሁ ውስጥ ያለውን የመጨረሻ ጠብ አስቡና በሁለቱ ወገን የሚነገረውን ግሥ ብቻ ጻፉ። "ልምምድ ቀረች" እና "ጣለችን" አንድ ዜና አይደሉም። አብዛኛው ጠባችን በድርጊቱ ላይ ሳይሆን በግሡ ላይ ነው።

ማርቆስ ለምን እንደ ተመለሰ ሉቃስ አንድም ቃል አልጻፈም። ሰባኪዎቻችን ምክንያት ሲያቀርቡለት ኖረዋል፦ ናፍቆት፣ ፍርሃት፣ የወባ ትኩሳት፣ የእናቱ ቤት ምቾት። በዚያው ቁጥር፣ በ13፥13፣ ሌላ ለውጥ እንዳለ ልብ በሉ። እስከዚያ ድረስ "በርናባስና ሳውል" ሲባል የነበረው እዚያ ላይ ጳውሎስና ጓደኞቹ ይሆናል። የአጎቱ ወይም የአክስቱ ልጅ የሆነው በርናባስ ሁለተኛ ሲሆን ማየት ማርቆስን ከፍቶት ይሆን? ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ አልምልም፤ የስሞችን ተራ ብቻ ይዞ ልብ ወለድ መጻፍ ለተቺ አያምርም። ቢሆንም መሪ በተቀየረበት ሰሞን የሚጠፉ ልጆችን የማታውቁ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

በርናባስና ማርቆስ ዘመዳሞች መሆናቸውን አሁን ስጠቅስ አንዳንዶቻችሁ ወደ ምዕራፍ 15 ተመልሳችሁ ትፈልጉ ይሆናል። እዚያ የለም። ዝምድናቸውን የምናውቀው ከቆላስይስ 4፥10 ነው። ሉቃስ ደብቆት ነው? ይህ የታሪኩ ትልቁ ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህችን አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ አንባቢው ወዲያው ፍርድ ይሰጥ ነበር፦ "አሃ! ዘመዱ ስለ ሆነ ነው!" ከዚያ በኋላ የበርናባስ ርኅራኄ ሁሉ፣ የሸጠው እርሻ ሁሉ፣ ጠርሴስ ድረስ የሄደበት መንገድ ሁሉ ይረሳና ሰውየው በአንድ ቃል ይጠቀለላል። እኛ ዘንድ ይህ ቃል ብዙ መልክ አለው፦ የሰፈሩ ልጅ፣ የአገሩ ልጅ፣ የሀብታም ልጅ፣ የመጋቢው ዘመድ። አንዴ ከተነገረ የግለሰቡ ምክንያት መሰማቱን ያቆማል።

እዚህ ላይ ግን ከሉቃስ ጋር ልከራከር። ዝምድናን ዝም ማለት ሁልጊዜ ቅንነት አይደለም። የኅብረቱ ሰብሳቢ ለሥልጠና የሚላኩ ልጆችን ሲመርጥ እህቱ ከእጩዎቹ አንዷ ከሆነች ያን መናገር አለበት፤ ከተቻለም ከውሳኔው መውጣት። ጳውሎስ ዝምድናውን በሚገባ ያውቀው ነበር፤ በቆላስይስ መልእክት የጻፈው እርሱ ነውና። እንቢታው ውስጥ ይህ ነገር አልነበረበትም ብዬ ለመገመት ይከብደኛል። ሉቃስ በአንባቢው ላይ ጥንቃቄ አድርጓል፤ ለጳውሎስ ግን ትንሽ አጉድሎበታል ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

ስለ ጠቡ የተጠቀመበት ቃል ለብቻው የሚታይ ነው። ፓሮክሲስሞስ ይላል ግሪኩ። የጥንት ሐኪሞች ትኩሳት ወይም ሕመም ድንገት አይሎ የሚነሣበትን ሰዓት በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር። ለሐዋርያት ጠብ የሚመረጥ ጨዋ ቃል አይደለም፤ ሉቃስ "ጥቂት የሐሳብ ልዩነት ነበራቸው" ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። አላለፈም። የሚገርመው ቃሉ በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ዕብራውያን 10፥24 ነው፤ አማኞች እርስ በርሳቸው ወደ ፍቅርና ወደ በጎ ሥራ ስለሚገፋፉበት መንገድ የሚናገርበት። አንድ ሰው ሌላውን ሲያግለው ያ ግለት ወዴት እንደሚሄድ ቃሉ ራሱ አይወስንም። ግሡ ደግሞ ጳውሎስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ፍቅር ሲጽፍ ይመለሳል፤ ፍቅር ከማያደርጋቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ያን ምዕራፍ በሠርግ ካርድ ላይ የምታውቁት ከሆነ፣ የጻፈው ሰው አንጾኪያ ላይ ከቅርብ ወዳጁ ጋር የተለያየ ሰው መሆኑን ይዛችሁ እንደገና አንብቡት።

አሁን ምዕራፉን ሙሉውን እዩት። ምዕራፍ 15 የሚጀምረው በሌላ ክርክር ነው። አሕዛብ ለመዳን መገረዝ አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ያች ቤተ ክርስቲያን አልገጠማትም። እንዴት ተፈታ? ጉዳዩ ወደሚመለከታቸው ተላከ። ሰዎች ተሰበሰቡ። ብዙ ክርክር ሆነ፤ ሉቃስ ይህን አልሸሸገም። ጴጥሮስ ተናገረ። ከዚያ ጉባኤው ዝም ብሎ በርናባስንና ጳውሎስን አዳመጠ። ያዕቆብ ጠቅልሎ ፍርድ ሰጠ። ውሳኔው በጽሑፍ ሆነ፤ ወረቀቱ ብቻውን እንዳይሄድም በአፍ የሚያስረዱ ሰዎች አብረውት ተላኩ። ያ ሁሉ ሲያበቃ፣ በዚያው ምዕራፍ ጭራ፣ ያንን ትልቅ ጉዳይ አብረው የተሟገቱት ሁለቱ ሰዎች አንድን ወጣት ለጉዞ እንውሰድ አንውሰድ በሚል ተለያዩ።

ሉቃስ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ለአንባቢው ጥያቄ አዘጋጅቶለታል። በሁለተኛው ውስጥ ሦስተኛ ሰው የለም። ጉባኤ የለም፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ የለም፣ ሽማግሌ የለም። አንጾኪያ ሰው አጥታ ነበር? ምዕራፍ 13 ሲከፈት ከበርናባስና ከሳውል ጋር በዚያች ቤተ ክርስቲያን የነበሩ ነቢያትና መምህራን በስም ተዘርዝረዋል፤ ስምዖን ኔጌር፣ የቀሬናው ሉክዮስ፣ ከሄሮድስ ጋር ያደገው ምናሔ። እነዚህ ሰዎች ጾመው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ሁለቱን ለመጀመሪያው ጉዞ የላኩ ናቸው። ሁለተኛው ጉዞ ሲታሰብ ግን በገጹ ላይ አይታዩም። እኛስ? ስለ ትምህርተ መለኮት ጉዳይ ኮሚቴ እናቋቁማለን፤ ስለ ሶሎ፣ ስለ ዩኒፎርም ቀለም፣ ስለ ትራንስፖርት ገንዘብ፣ ማን ማይክ ያዘ በሚለው ላይ ግን "ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ በጸሎት ያልፋል" እንላለን። ኳየር ሲፈርስ ያየ ሰው በሥላሴ ትምህርት ላይ ተጣልቶ ሲፈርስ ያየ አይመስለኝም።

ይህ ክፍል ሁለት ጊዜ ሲበደል ሰምቻለሁ። አንዱ በደል ቅን ነው። "እግዚአብሔር ከአንድ ቡድን ሁለት ቡድን አደረገ፤ ወንጌልም በእጥፍ ሰፋ" ይባላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሄደዋል። ይሁን እንጂ ይህን ዐረፍተ ነገር ሉቃስ አልጻፈውም፤ የእግዚአብሔርን እጅ በብዙ ቦታ በስም የሚጠራ ጸሐፊ እዚህ ላይ ዝም ብሏል። ጌታ ስብራትን ለበጎ ሊለውጥ ይችላል፤ ተራኪው ግን ስብራቱን በዚያ ፕላስተር አልሸፈነውም። ሌላው በደል ቅንነት ይጎድለዋል። ሰዎች አብያተ ክርስቲያናትን ሲከፍሉ፣ ንብረት ሲካፈሉ፣ ግማሹን ኳየር ይዘው ሲወጡ "ጳውሎስና በርናባስም እኮ ተለያይተዋል" ይላሉ። ተለያይተዋል፤ ግን ምን አላደረጉም? አንጾኪያን ለሁለት አልከፈሏትም። የበርናባስ ወገን የጳውሎስ ወገን የሚል ጉባኤ አላቆሙም። የተካፈሉት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱም የሄደው ወደ ትውልድ አገሩ በኩል ነው፤ አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ጠርሴስ ወዳለችበት ወደ ኪልቅያ። ጳውሎስም በኋላ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥6 በርናባስን ሲጠቅስ እንደ ራሱ በእጁ እየሠራ የሚያገለግል ባልንጀራ አድርጎ ነው፤ አንዲት የጎን ወጊ ቃል የለችበትም።

ጳውሎስን ወንድሞች ለጌታ ጸጋ አደራ ሰጥተው እንደ ላኩት ተጽፎ ስለ በርናባስ እንዲህ ስላልተባለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለጳውሎስ ፈርዳለች የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። አላሳመኑኝም። ከዚያ ቁጥር ጀምሮ መጽሐፉ የሚከተለው ጳውሎስን ነው፤ በርናባስ ከሐዋርያት ሥራ ገጾች ለዘለዓለም ይወጣል። ተራኪ ያልተከተለውን ሰው እግዚአብሔርም አልተከተለውም ማለት አይቻልም።

እነሆ ወደ ርዕሴ ደረስኩ። እርቁ የት አለ? ጳውሎስ ከእስር በጻፈው በቆላስይስ መልእክት መጨረሻ ላይ ሰላምታ ከሚልኩት መካከል ማርቆስ አለ። በፊልሞና 24 ከአብረውት ሠራተኞች መካከል ተቆጥሯል። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11 ደግሞ ጳውሎስ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ ይለምናል። በተለመደው አቆጣጠር ከአንጾኪያው ጠብ ወዲህ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል። በሦስቱም ቦታ፣ ከማርቆስ ስም አጠገብ፣ ሉቃስ አለ። በቆላስይስ ሰላምታ ይልካል፤ በፊልሞና ዝርዝር ውስጥ አለ፤ በጢሞቴዎስ መልእክትማ ከጳውሎስ ጋር የቀረው ብቸኛ ሰው እርሱ ነው። ስለዚህ ይህ ተራኪ የታሪኩን መጨረሻ ያውቅ ነበር። መጽሐፉም ጳውሎስ ሮም በቁም እስር እስከሚቀመጥበት ሁለት ዓመት ድረስ ይደርሳልና ቦታ አላጣም። እቅፉን፣ እንባውን፣ "ወንድሜ በደልሁህ" የሚለውን ሊጽፍልን ይችል ነበር። አልጻፈውም። ምዕራፍ 15ን ክፍት ትቶ ሄደ።

ከእቅፉ ይልቅ የተረፈልን ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ለእኔ ከማንኛውም የለቅሶ ትዕይንት የበለጠ ነው። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ስለ ማርቆስ ትእዛዝ እንደ ተቀበሉ አስታውሶ፣ ወደ እነርሱ ቢመጣ እንዲቀበሉት ያዛል። ይህ መልእክት በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ የተነበበ ነው። በማርቆስ ላይ የተነገረው እምቢታ በአንጾኪያ ወንድሞች ፊት የታወቀ ነበር፤ እስከ ዛሬም እናነበዋለን። ስሙ ሲመለስለትም በአደባባይ ተመለሰለት። እኛ ዘንድ በተቃራኒው ነው። ወቀሳው በልምምድ መካከል፣ አርባ ሰው እየሰማ፣ አንዳንዴም በቴሌግራም ግሩፕ ይወርዳል፤ ይቅርታው ግን ከሳምንት በኋላ በጓሮ በር በኩል፣ በአጭር የስልክ መልእክት፣ ማንም ሳያይ ይላካል። ሁለቱ ታርቀዋል፤ አርባው ግን አሁንም ልጅቷን "ያች አስቸጋሪዋ" ብለው ነው የሚያውቋት። እርቅ ለተጋጩት ብቻ ሳይሆን ለሰሙትም እንደሚያስፈልግ ጳውሎስ የተረዳ ይመስለኛል።

በፊልጵስዩስ 4 ላይ የሌሎችን ጠብ ሲይዝም ይህን ማስተዋሉን ታያላችሁ። ኤዎድያንና ሲንጤኪን የተባሉ ሁለት አገልጋይ እህቶች ተጋጭተዋል። ግሡን ለሁለቱ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃው ነበር፤ ለእያንዳንዷ ለየብቻ ደገመው፤ ማንኛዋም ሁለተኛ እንዳትሆን። ከዚያ በስም ያልጠራው አንድ ሰው እንዲያግዛቸው ለመነ። አንጾኪያ ላይ ያልነበረው ሦስተኛ ሰው እዚህ ተገኘ።

ወደ ድራማዎቻችን ልመለስና ለምትጽፉ ሁለት ነገር ልበል። የእኛ እውነተኛ ጠብ ጩኸት የለበትም፤ ኩርፊያ ነው። ጳውሎስና በርናባስ ቢያንስ ፊት ለፊት ተነጋግረዋል። እኛ ግን መቀመጫ እንቀይራለን፣ ልምምድ ላይ አርፍደን እንገባለን፣ ከግሩፑ ለቀን እንወጣለን፣ ምን ሆነሃል ስንባል "ሰላም ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" እንላለን። ጌታ በማቴዎስ 18 ወቀሳው መጀመሪያ በሁለቱ መካከል ብቻ እንዲሆን አዟል፤ እኛ መጀመሪያ ለጸሎት ጓደኛችን እንነግራለን፤ "ለጸሎት ርዕስ ብዬ ነው የነገርኩሽ።" አንዳንዶች ደግሞ በጉባኤ ጸሎት መካከል ጌታን እያናገሩ ወንድማቸውን ይወጉታል፤ ቅኔ አዋቂ አባቶቻችን እንኳ በዚህ መንገድ ሰም ለፈጣሪ ወርቅ ለጠላት አልከፋፈሉም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። ኩርፊያን መድረክ ላይ ማሳየት ከባድ ነው፤ ምንም አይደረግማ። ሆኖም አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ሲዘመር ማሳየት የሚችል ደራሲ ከመካከላችሁ ቢወጣ ከአሥር የሆስፒታል ትዕይንት ይልቅ ይናገራል።

ሌላው፣ ግጭት ያልሆነውን ግጭት አትበሉት። የኅብረቱን ገንዘብ የወሰደ ሰውና ገንዘቡ የት ገባ ብላ የጠየቀች ልጅ "አለመግባባት" ውስጥ አይደሉም። በአገልጋይ እጅ የተነካች ልጅም ከአገልጋዩ ጋር "አልተጣላችም"። እንዲህ ያለውን ታሪክ በእቅፍ የሚጨርስ ድራማ ሁለተኛ በደል ይፈጽማል፤ ተመልካቾች መካከል እርሷ ተቀምጣ ትሆናለችና።

በመጨረሻ አንድ ሰው ረስተናል። በስድስቱ ቁጥሮች ውስጥ ሁለት ታላላቆች ስለ እርሱ ሲከራከሩ ማርቆስ አንድ ቃል አይናገርም። ሉቃስ ንግግር አልሰጠውም። በዕድሜ ከሦስቱ ለእናንተ የሚቀርበው እርሱ ነው፤ መሪዎቹ ስለ እርሱ ሲጣሉ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ወጣት። የሚቀጥለውን ድራማ ወይም አጭር ልብ ወለድ ለመጻፍ የምታስቡ፣ በዚያ መርከብ ላይ ጀምሩ። ቆጵሮስ ገና አልታየችም። ከዚያ የሚጠብቃቸው የበርናባስ የትውልድ ምድር ነው፤ ከኋላቸው የቀረው ደግሞ የበርናባስ የሥራ ባልደረባ። ልጁ ይህ ሁሉ በእርሱ ምክንያት እንደ መጣ ያውቃል። ምን ይለዋል? በርናባስስ ምን ይመልስለታል? ከሦስት ገጽ ካልበለጠ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን።